የጡብ ሜዳው ድካም

ጭቃ ስትረግጥ ከሩቅ ያያት ሰው የምታንቀላፋ ይመስለዋል። አንዱን እግሯን ታነሣለች፣ ቆም ትላለች፣ ከዚያ ሌላውን። በጡብ ማምረቻው ሜዳ «ዝግታ» የሚል ስም ያወጡላትም ለዚህ ነው። አዲስ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ግን እንዲህ አልነበረችም፤ ጭቃውን ፈጥና እያደረሰች፣ ቅርጽ የሚያወጡትን አማቷን መላወሻ ታሳጣቸው ነበር። አሁን ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ክፍያው በሠሩት ጡብ ልክ ነውና ጓዳቸውም አብሯት ከስቷል።

«ምራቴ ቆሞ መተኛት ተምራለች» ይላሉ አማቷ። ክፋት የላቸውም፤ አፋቸው ግን አያርፍም። እሳቸውም ቢሆኑ ከቀትር በኋላ ጥላ ሥር ጋደም ይላሉ፤ የራሳቸውን ግን እርጅና ነው የሚሉት።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት የጤና ባለሙያ ሠራተኞቹን ልትመረምር መጣች። የዝግታን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጋ አየች፤ ውስጡ ነጥቷል።

«እግርሽን ያሳክክሻል?»

«ጣቶቼ መሃል። እዚህ የማያሳክከው ማን አለ?»

«አፈርስ ያምርሻል?»

ዝግታ አማቷን ሰረቅ አድርጋ አየች። ከደረቀ ጡብ ጥግ ቆርሳ አፏ ውስጥ ጣል የምታደርገው ተደብቃ ነበር። እሷ ሳትመልስ አማቷ ጣልቃ ገቡ፤

«አፈር ያማረው ሰው ሁሉ ታሟል ማለት ነው?»

«እማማ፣ እርስዎም ይበላሉ እንዴ?»

«ኧረ ትንሽ ነው ልጄ። ለጣዕም ያህል።»

ሜዳው በሳቅ አለቀ።

ለሰገራ ምርመራ የሚሆን ትንንሽ ዕቃ ሲታደል የሜዳው አለቃ አልቀበልም አለ። «እኔ ባለጫማ ነኝ» አለ።

«ጫማዎንማ አየሁት» አለች ባለሙያዋ፤ «ጭቃው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጧል።»

እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ የቆመው አለቃ ዕቃውን ተቀበለ።

ውጤቱ ሲመጣ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ትል ተገኘባቸው፤ አለቃውም አልቀረም። የትሉ እንቁላል ከሰገራ ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ እንደሚፈለፈል፣ ትሉም በባዶ እግር ቆዳ እንደሚገባ፣ አንጀት ላይ ተጣብቆም ደም እንደሚመጥ ባለሙያዋ አስረዳቻቸው። «ኪኒኑ ያወጣዋል። ግን የምትጸዳዱት ከጡብ መተኮሻው ምድጃ ጀርባ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ ወዴት ይወርዳል?»

ሁሉም ዞረው ጭቃ የሚያወጡበትን ጉድጓድ አዩ።

ዝግታ ኪኒኑንና የደም ማነስ መድኃኒቷን ይዛ ስትሄድ ፊቷ በርቶ ነበር። ለካ ስንፍና አይደለም። ታመሻል መባል እንዲህ ደስ ይላል ብላ አስባ አታውቅም።

በማግስቱ አለቃውን መንገድ ላይ ጠበቀችው። «የሰው ቤት ሁሉ የሚሠራው በኛ ጡብ ነው፤ እኛ አንድ ሽንት ቤት የለንም» አለችው።

አለቃው ሆዱን ዳበስ ዳበስ አደረገ። «የተሰነጠቀውንና የጠመመውን ጡብ ውሰዱ» አላት።

በዕረፍት ቀን ሁሉም ወጣ። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ እየተፈራረቁ ቆፈሩ፤ ግድግዳው በጠማማ ጡብ ተሠርቶ ትንሽ ወደ ጎን ቢያዘምም ማንም አልከፋውም። አለቃው ደግሞ የጎማ ቦት ጫማ አስመጣ። መጀመሪያ ቀን አማቷ ጭቃ ረግጠው እግራቸውን ሲያነሡ ቦቱ እዚያው ቀረና በአንድ እግራቸው ቆሙ፤ ደግፈው ያወጧቸው ሰዎች በሳቅ አብረው ሊወድቁ ነበር።

ሳምንታት አለፉ። የዝግታ ጉልበት ቀስ በቀስ ተመለሰ። ጡቡ ሲበዛ ክፍያውም በዛ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ተደራርቦ ከሚያድርባት ክፍል ጎን ሌላ ክፍል መሥራት ጀመሩ። ባሏ የግድግዳ ማቅኛ ቱምቢውን ይዞ ይጠብቃል፤ ምራትና አማት በመስኮቱ አልተስማሙም።

«ወደ ፀሐይ መውጫ ይሁን» አለች ዝግታ።

«ወደ መንገዱ እንጂ፤ አላፊ አግዳሚውን ሳላይ እንዴት ልዋል?»

«ስትስማሙ ንገሩኝ» አለ ባሏ፤ ይህን ብሎም ሁለቱም ግድግዳ ላይ የመስኮት ምልክት አደረገ።