የዓለም ስም

ባሌ ፋንታሁን የልብስ ሰፊ እጅና የባላባት ልብ ነበረው። ጎንደር ፒያሳ፣ ጣልያን ሠርቶት በሄደው በረንዳ ሥር ሲንጀሩን ይዞ ሲውል ሥራውን የማይወድለት አልነበረም። እሱን የሚያበግነው ሌላ ነገር ነው። በደብራችን ማኅበር ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው ወንዶቹ አባት ይቆጥራሉ፤ አንዱ ሰባት፣ ሌላው አሥር ይደረድራል። ፋንታሁን ተራው ሲደርስ «ፋንታሁን ወልደ ዮሐንስ» ይልና ይቆማል። «ከወልደ ዮሐንስ በላይስ?» ሲሉት እናቱ ያስተማሩት መልስ አንድ ብቻ ነው፦ «ከሱ በላይ እግዜር አለ።»

ይሥቁበታል። እሱም ቤት ገብቶ እራት አልበላም ይላል። «ሜዳ ላይ የበቀልሁ ነኝ እንዴ፣ ይመኙሽ?» እያለ እኔን ያደርቀኛል።

አማቴ ወይዘሮ እንኳየሁ አብረውን ነው የሚኖሩት። ከባላገር ወደ ጎንደር አዝለውት ሲመጡ ፋንታሁን ገና ጡት አልጣለም ነበር። ወልደ ዮሐንስ የክርስትና ስም መሆኑን ማንም ይረዳል። የክርስትና ስም ለቄሱና ለፍታት ነው፤ በገበያና በአደባባይ ሰው የሚጠራው በዓለም ስሙ ነው። የባላቸውን የዓለም ስም ግን ልጃቸው ቢለምን ቢያለቅስ «ረሳሁት» ይላሉ። ሴትዮዋ እኮ ጎረቤት በጣልያን ጊዜ ተውሳ ያልመለሰችውን ወንፊት የማይረሱ ናቸው! የባሏን ስም የረሳች ሴት እስካሁን አላየሁም።

በዚያ ዓመት ፋሲካ እንዳለፈ አማቴ ለጉልበታቸው ፀበል ወረዱ። እሳቸው በሄዱ በሳምንቱ፣ ረቡዕ ቀን፣ አንድ ጎልማሳ ካፖርት ሊያሰፋ መጣ። እኔም ምሳ ይዤ ደርሼ ነበር። ከድብ ባሕር እንደመጣ ነገረን። ስሙን ስንጠይቀው «ወልደኢየሱስ በሉኝ» አለ። ፋንታሁን ትከሻውን ሲለካ ሰውዬው ዓይኑን ከባሌ ፊት አልነቀለም።

«የማን ልጅ ነህ?» አለው።

«የወልደ ዮሐንስ።»

«በዓለምስ?»

«አላውቀውም።»

«እናትህስ?»

«እንኳየሁ ትባላለች።»

ሰውዬው ከዚያ ቀስ ብሎ «አባትህ በዓለም ስሙ ሰጠኝ ሸዋአየሁ ነው» አለው። «ግንባርህ ይመሰክራል። ያባትህ ርስት ዛሬም እዚያው ድብ ባሕር አለ። ለግንቦት ሚካኤል ሽማግሌው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሰበሰባል። መጥተህ ባፍህ ቁጠር። ያልተቆጠረ ሰው ርስት የለውም።»

ሜትሩ ከፋንታሁን እጅ ወደቀ። ደስታው መያዣ አጥቶ «ምሳ ሳትበላ አትሄድም!» ብሎ እጁን ያዘው። ዶሮ ወጥ ነበር ያመጣሁት። ሰውዬው እጁን ሰበሰበ።

«ጾም ላይ ነኝ።»

«በበዓለ ኀምሳ?» አልሁት። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም ሕፃን ያውቃል።

«የስለት ነው፣ እኅቴ» አለኝ ረጋ ብሎ። «ስለቴ እስኪደርስ ሥጋ አልቀምስም።»

ያቀረብሁለትን ውኃም አልነካው። ፈራሁ። ምን እንደፈራሁ አላውቅም፤ ግን ፈራሁ። ማታውኑ «እናትህ ይምጡና ጠይቃቸው» ብዬ ተጨቃጨቅሁ። «እማ ስትመጣ ርስቷን ይዤ ነው የምቀበላት» አለኝ። ሰውዬው የነገረውን የአባቶች ስም ሸምድዶ፣ ሲንጀሩን በረገጠ ቁጥር «ፋንታሁን፣ ሰጠኝ፣ ሸዋአየሁ፣ ዘለቀ፣ እንግዳ…» እያለ ካፖርቱን ይሰፋል። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ልብ ካበጠ ጆሮ አይሰማም፤ እኔም «ብቻህንማ አትሄድም» ብዬ ነጠላዬን ደርቤ በጭነት ማኪና አብሬው ወጣሁ።

የግንቦት ሚካኤል ቅዳሴ እንዳለቀ ሽማግሌዎቹ ከደጁ ጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሰዉ ፋንታሁንን ያየዋል፤ እሱ ዞር ሲል ግን ዓይኑን ያሸሻል። «የአባትህ ወገን ነኝ» ብሎ የሳመው አንድም ሰው የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ ጠጋ ብለው «እንኳየሁ አለች?» አሉት።

«አለች፣ እማማ።»

«መምጣትህን ታውቃለች?»

«አታውቅም። ላስደንቃት ነው።»

«ምነው ልጄ» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ምነው መጣህ?»

ተጠራ። ባሌ ከመካከል ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከራሱ ጀምሮ አገሩን እስካቀናው አባት ድረስ አንድም ሳይስት ቆጠረ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ለአፍታ ፍርሃቴን ረስቼ ኮራሁበት።

«ወደህ ነው የተቆጠርኸው?» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

«ወድጄ ነው።»

«ሰማችሁ?»

«ሰማን!» አለ ሰዉ።

«ሸጋ» አሉ ሽማግሌው፤ ፊታቸው ግን ሸጋ ነገር የሰማ ሰው ፊት አልነበረም።

ያኔ ከሴቶቹ ወገን አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ብድግ አለች። «ደመላሽ! ና ልጄ!» ብላ ተጣራች። ከወንዶቹ መካከል የተነሣው ያ ወልደኢየሱስ በሉኝ ያለን ሰው ነው። ከያዘችው አገልግል የሥጋ ወጥ በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችው።

«ብላ ልጄ» አለችው። «ተገኘ።»

እሱም ባሌን እያየ አላመጠ። ደመላሽ ተብሎ ስም የሚወጣለት አባቱ የተገደለበት ልጅ እንደሆነ ማን ይነግረኛል?

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ተናገሩ። «አባትህ ሰጠኝ በድንበር ጠብ የዚህን ልጅ አባት ገድሎ ቆላ ወረደ። ደሙ ሳይመለስ በወባ ሞተ። ወንድ ልጅ እንዳለው ሲወራ ነበር እንጂ ያየ የለም። ዛሬ አንተው ባፍህ መሰከርህ። ርስቱ ያባትህ ነው፤ ውሰደው። ደሙም ያባትህ ነው።»

«ዕርቅስ?» ብዬ ጮኽሁ። «ሽማግሌ አይደላችሁም እንዴ? ይህ ምን አደረገ? ጡት ይጠባ የነበረ ልጅ!»

«ስንለምናት ነው የኖርን» አሉ ወደ ባለ ጥቁሯ ሴት እያመለከቱ። «አሻፈረኝ አለች።»

ደመላሽ አፉን ጠርጎ ወደ ፋንታሁን መጣ። ቁጣ አይታይበትም።

«አይዞህ» አለው። «በሚካኤል ደጅ፣ በበዓሉ ቀን የሚነካህ የለም። በሰላም ግባ። ካፖርቴ ሲያልቅ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ፋንታሁንና እኔ ጎንደር ተመለስን። ፒያሳ ስንደርስ ሱቁን ከፍቶ የተሰቀለውን ካፖርት ቆሞ አየው። አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቶታል።

አማቴ ከፀበል ተመልሰው ቤታችን ደጃፍ ላይ ይጠብቁን ነበር። ከጎረቤት ሰምተዋል መሰለኝ፣ የት እንደዋልን አልጠየቁንም።

«ስሙን ተናገርህ?» አሉት።

«ተቆጠርሁ፣ እማ» አለ ባሌ፣ እንዳጠፋ ልጅ።

አላለቀሱም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ ሐዘን እንደገባበት ሰው አዘቅዝቀው ለበሱት። ፋንታሁን ሲያይ ጊዜ እግራቸው ላይ ተደፋ።

«ምነው እማ! እኔ እኮ አለሁ!»

«አለህ ልጄ» አሉ፣ ራሱን እየዳሰሱ። «እንዳለህማ ይኸው ሰሙ።»