የፈቲሀ መታወቂያ

ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ ካርድ አለ። ላሚኔት የተደረገ፣ ቀይ ክር ያለው፣ በትልልቅ ፊደል «ዛሬ እንግሊዝኛ አልተናገርኩም» የሚል። በግቢው ውስጥ ሌላ ቋንቋ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ያጠልቀዋል፤ ሌላ ጥፋተኛ ይዞ እስኪያስረክብ ድረስም አያወልቀውም። ማታ እሱ ጋ ከቀረ ክፍሉን ይጠርጋል። ልጆቹ «መታወቂያ» ይሉታል። «መታወቂያው ማን ጋ ነው?» እያሉ በሹክሹክታ ይጠያየቃሉ፣ ያውም በአማርኛ።

ከህንድ ተመልሼ ቡታጅራ እንግሊዝኛ ማስተማር ስጀምር ያስደነገጠኝ የሰባተኛ ክፍል ዝምታ ነው። ስጠይቃቸው ጠረጴዛቸውን ያያሉ። የትውልድ ከተማዬ ቡኢ ያሉት ጓደኞቼ «ውጭ ተምሮ ለጠመኔ ብናኝ የሚመለስ አንተን አየን» ይሉኛል። እኔም አንዳንድ ቀን ሰሌዳ ስጠርግ እውነታቸውን ነው እላለሁ። ልጆቹ የማይሰሙኝ እኔ ማስተማር ስለማልችል ይሆን? ወይስ ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ዓለምዘውድ እንደሚሉት ካርዱን ስላላጠበቅኩ?

ካርዱን አብዛኛውን ጊዜ የማየው ፈቲሀ አንገት ላይ ነው። ፈቲሀ ከመስቃን ገጠር ዘንድሮ የገባች ልጅ ናት። በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ስትተነፍስ ሰምቼ አላውቅም። ወይዘሮ ዓለምዘውድም «ይቺ ልጅ አልቻለችም፤ በጊዜ ወደ መጣችበት ትመለስ» ማለት ጀምረው ነበር።

አንድ ቀን የንባብ ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ውሃ ትነት የሚያወራ ምንባብ አስነበብኳቸው። ማንም አልገባውም። ከእረፍት ሲመለሱ ግን አምስት ስድስት እጅ ወጣ። ይታገሱ የሚባለው፣ ከክፍሉ ሁሉ አፉ የተያዘው ልጅ፣ ተነስቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተን ሲቀዘቅዝ ውሃ እንደሚሆን ነገረኝ።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ተከትያቸው ወጣሁ። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ካለው ግድግዳ ስር ፈቲሀ ካርዷን አጥልቃ ተቀምጣለች። ልጆቹ ዙሪያዋን ከበዋታል። ለአንዱ በመስቃንኛ፣ ለሌላዋ በስልጥኛ፣ ለከተማዎቹ ልጆች በአማርኛ ታስረዳለች። ሰልሚያ ለምትባለው የክፍል ጓደኛዋ «የድስት ክዳን ስታነሺ ከውስጥ የሚንጠባጠበው ማለት ነው» ስትላት ሰማሁ።

ሲያዩኝ ተበተኑ። እሷና ሰልሚያ ብቻ ቀሩ።

«ካርዱን ስጪኝ» አልኳት።

በሁለት እጇ ያዘችው። «አይ ቲቸር፣ አይውሰዱብኝ።»

«ቅጣት አይደለም እንዴ?»

«አንገቴ ላይ ካለ ድጋሚ ማንም አይይዘኝም። የፈለግኩትን አወራለሁ።»

«መጥረጉስ?»

«ክፍል መጥረግ ምን አላት? ከቤታችን ግቢ ታንሳለች።»

ሰልሚያ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ቲቸር፣ ጠዋት የተያዘ ልጅ ሮጦ ለእሷ ነው የሚያቀብላት። ይታገሱማ ተይዞ ካርዱን ለእሷ ሊያቀብል ብሎ በር ላይ በአማርኛ ዘፈነ።»

ካርዱን ትቼላት ተመለስኩ። ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ስማር የሀገሬው ልጆች ከክፍል ስንወጣ ትምህርቱን በራሳቸው ቋንቋ ያብላሉት ነበር፤ ፈተናውን ግን በእንግሊዝኛ ጽፈው እኔን ይበልጡኝ ነበር። ይህን እያወቅኩ ካርድ በሚያዞር ግቢ ውስጥ ደመወዝ እበላለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ወይዘሮ ዓለምዘውድ ራሳቸው ደረሱባቸው። የፈቲሀ አባት ተጠራ። አቶ አሚኑ የበርበሬ ገበሬ ነው፤ ከገበያ በቀጥታ ስለመጣ ቢሮው ውስጥ እንደገባ ሁላችንም አስነጠሰን።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ልጄ ሰረቀች?»

«ኧረ አልሰረቀችም» አሉ ወይዘሮ ዓለምዘውድ።

«ተማታች?»

«አልተማታችም። ቋንቋ ተናገረች።»

«የማንን?»

«የራሳችሁን። ሌሎቹንም አናገረች። እዚህ የሚከፈለው ለእንግሊዝኛ ነው፣ አቶ አሚኑ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና በመስቃንኛ አይመጣም። እኔ ከትንሿ ከተማ ከአገና ተነስቼ ዩኒቨርሲቲ ስገባ መምህሩ የሚለው አልገባ ብሎኝ ኮሪደር ላይ አልቅሻለሁ። እነዚህ ልጆች እንዲያለቅሱ አልፈልግም።» ከልባቸው ነበር፤ ድምፃቸውም ተሰበረ። ከዚያ ወደ ፈቲሀ ዞሩ። «አሁን በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠይቂ። ሁለተኛ አላደርግም በይ። ካልሽ ትቆያለሽ፤ ካላልሽ ከአባትሽ ጋር ትሄጃለሽ።»

ፈቲሀ ወደ መሬት አየች። አባቷን አየች። ቀና ብላ ቀስ እያለች በእንግሊዝኛ፣ «አላቆምም። ሰልሚያ ካልገባት እነግራታለሁ። ነገም እነግራታለሁ» አለች።

ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወይዘሮ ዓለምዘውድ ጠረጴዛውን መቱት። «ይኸው! አያችሁ? ካርዱ ሠራ!»

«ምን አለች?» አለ አባቷ።

ተረጎምኩለት። ጢሙን ዳበሰና ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ግን ይቅርታ አልጠየቀችም» አሉ ወይዘሮዋ። «ኢዮብ፣ አንተ ንገረው። ውጭ የተማርክ ነህ፤ ወላጅ አንተን ያምናል።»

እውነት ነው። በየወላጅ ስብሰባው አስነስተው ያሳዩኛል። አሁንም ከጎናቸው እንደምቆም አልተጠራጠሩም። ቢያባርሩኝ የምይዘው ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ ትክክል ስለመሆኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ከመስቃንኛ ጋር ይቀራረባል ብዬ ለአባቷ በቤቴ ቋንቋ፣ በዛገው ክስታንኛዬ፣ ጀመርኩ። ከአማርኛ ጋር ተደበላለቀብኝ። አቶ አሚኑ አላስጨረሰኝም፤ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ እንግሊዝኛህም እንዲህ ከሆነ ልጆቹ አለቁ።»

ሳቁ አረጋጋኝ። በአማርኛ አልኩት፦ «ልጅዎ ምንም አላጠፋችም። እኔ ያቃተኝን እያስተማረች ነው። ከክፍሌ አትወጣም።»

«ኢዮብ!» አሉ ወይዘሮ ዓለምዘውድ።

«ይቅርታ፣ ወይዘሮ ዓለምዘውድ። አሁን ክፍለ ጊዜዬ ነው። ፈቲሀ፣ ተነሽ።»

«እኔ ያባረርኳትን አንተ ልታስተምር ነው?»

«አዎ። እኔንም ማባረር ከፈለጉ የመውጫው ደወል ከተደወለ በኋላ ያባርሩኝ።»

ፈቲሀ አባቷን አየችው። በአገጩ ወደ በሩ አመለከታት።

ክፍል ገብተን ምንባቡን አስከፈትኳቸው። «አንብቡ። ያልገባችሁን በምትችሉት ቋንቋ ተጠያየቁ። መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ትነግሩኛላችሁ። ፈቲሀ፣ መሀል ተቀመጪ» አልኩ።

መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ወጥመድ መስሏቸዋል። ፈቲሀ ወንበሯን እየጎተተች መሀል ወጣችና ሰልሚያን በስልጥኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሰልሚያ መለሰች። ከኋላ ሌላው ቀጠለ። ወዲያው ክፍሉ እንደ ሚኒባስ መናኸሪያ ሆነ፤ በመስቃንኛ የሚጨቃጨቅ፣ በአማርኛ የሚስቅ፣ መጽሐፉን የሚነጣጠቅ።

በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ዓለምዘውድ ነበሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ጩኸቱ ቀጥ አለ። ልጆቹ እኔን ያያሉ።

«እንግሊዝኛ ነው» አልኩ። «ቀጥሉ።»

አልቀጠሉም። ወይዘሮዋ እጃቸውን አጣምረው በሩ ላይ ቆሙ። ለመውጣትም ለመግባትም አላሰቡም። ይሄን ጊዜ ይታገሱ እጁን አወጣ። አልጠራሁትም፤ ራሱ ተነሳ። የምንባቡን የመጀመሪያ ጥያቄ በእንግሊዝኛ መለሰ፣ ጮክ ብሎ፣ ወደ በሩ እያየ። መልሱ ስህተት ነበር።

«ሌላ ሞክር» አልኩት። «ቁጭ አትበል።»