ቧንቧውን ትንሽ አሞት ነበር

ሪያድ፣ መላዝ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የሐኪም ቤት ሕንፃ የጽዳት ሠራተኞች አለቃ ነኝ። አለቃ ስላልኩ የሚያስፈራ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከሌሎቹ የምለየው ከመጥረጊያው ሌላ እስክሪብቶም በመያዜ ነው። ስሜ እየሩስ ነው። ቁጣ ይቀድመኛል፤ ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴ ብናገረው ይሻላል።

ነገሩ የጀመረው በእትዬ ፋንታዬ ሪፖርት ነው። እትዬ ፋንታዬ ሪያድ አሥራ ሁለት ዓመት ኖራለች። እኔ አገሩ ገና ግራ ሲያጋባኝ፣ መንፉሐ ሰፈር ከነበረችበት ክፍል የፍራሿን ግማሽ የሰጠችኝ እሷ ናት። ባለፈው እሑድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ፈነዳ። ውሃው በደረጃ ወርዶ የጥርስ ሐኪሙን ነጠላ ጫማ ይዞ ሲሄድ፣ እሷ ቁጭ ብላ ለሙዲራችን፣ ለሥራ አስኪያጁ ለመሐሙድ፣ በስልክ እንዲህ ጻፈች፦

«ይድረስ ለክቡር ሙዲር። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎና ልጆችዎስ? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሁለተኛ ፎቁን ቧንቧ ትንሽ አሞት ነበር፤ አሁን ግን ይሻለዋል።»

በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በደረቁ አይነገርም። ሰውዬው ተቀብሮ እንኳ ለዘመድ «ትንሽ አሞታል» ነው የሚባለው። ሙዲሩ ደግሞ አማርኛ ስለማያነብ ስልኩ ወደ ዐረብኛ ይተረጉምለታል፤ ያን ቀን ስልኩ ሚስቱ እጅ ነበር። ሚስትየው ቧንቧውን ከቁብ አልቆጠረችውም። ያየችው ናፍቆቱን ነው።

በማግስቱ መሐሙድ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ሚስቱ ተርጓሚውን ከስልኩ አጥፍታበታለች።

«ሦስት ቀን እሰጥሻለሁ» አለኝ። «ተቅሪር፣ ሪፖርት መጻፍና ሥራ መገምገም አስተምሪያቸው። ሐሙስ ራሴ እፈትናለሁ። የወደቀ ሰው ኢቃማው አይታደስም፤ ኸላስ፣ አለቀ!»

በዚያ ወር ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚያበቃባት ፋንታዬ ብቻ ናት።

መጋዘናችን ውስጥ ሳሙናና ሳጥን መሐል ተቀምጬ ሥልጠናውን ነደፍኩ። ፎርሙ አራት መስመር ነው፦ የት፣ ምን ሆነ፣ ምን ተደረገ፣ ከአምስት ስንት። ሰላምታ ክልክል። በሥራዬ ኮራሁ፤ እንዲያውም ፎርሙን ሁለቴ ሳምኩት።

ኩራቱ እስከ መጀመሪያው ልምምድ ቆየ። «ጣሪያ ወደቀ እንበል፤ ጻፉ» አልኳቸው። ደሴ የሚባለው መስኮት ጠራጊያችን «ጣሪያው ወደ እኛ ትንሽ ቀረብ ብሏል» ብሎ ጻፈ። ፋንታዬ «ጣሪያው ዐረፍ ብሏል፤ አያስቡ» አለች።

«እትዬ፣ ሰው እኮ ከሥሩ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ ማስደንገጡ ምን ይጠቅመዋል?»

ማክሰኞ ግምገማ ነበር። አንዱ የሌላውን ፎቅ አይቶ ነጥብ ይሰጣል። እኔ ተንኮለኛዋ ለደሴ የተመደበውን መታጠቢያ ቤት ሆን ብዬ በቴምር ለቅልቄዋለሁ። ፋንታዬ ገብታ ጫማዋ ተጣብቆ በባዶ እግሯ ወጣች። የሰጠችው ነጥብ አምስት ነው።

«ለምን?» አልኳት።

«እህቴ፣ የወንድሜን እንጀራ ልዝጋ?»

ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። «እሺ፣ እኔን ገምግሙ! እንከን ያላገኘ ዛሬ ከዚህ አይወጣም!» አልኩ። ደሴ ኮርኒስ ኮርኒሱን አየ። በኋላ ፋንታዬ ቀስ ብላ «ድምፅሽ… ትንሽ ከፍ ይላል» አለች። ምነው አፋቸውን ባልከፈትኩት! አንዱ ምሳ ሰዓት ታሳጥሪያለሽ አለ፣ ሌላዋ ሻይ ስትጠጪ ጆሮ ታደነቁሪያለሽ አለች፣ ደሴ ደግሞ ስለ አረማመዴ ብቻ አንድ ገጽ ጽፎ ሁለተኛ ወረቀት ጠየቀ። እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። ግን ሥልጠናው ገባቸው። ረቡዕን ሙሉ ሕንፃውን፣ የደጁን አስፋልት ጠራጊ ሳይቀር፣ ሲገመግሙ ዋሉ።

ሐሙስ መሐሙድ ለእያንዳንዱ ሰው የሚገመግመው ክፍል አደለ። ለፋንታዬ የገዛ ቢሮውን ሰጣት። ሰውዬው የሱፍ አበባ ፍሬ እየቆረጠመ ቅርፊቱን ከጠረጴዛው ሥር የመጣል አመል አለው፤ እሷ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም ሳትተነፍስ ጠርጋለታለች። ጽፋ ስትጨርስ መሐሙድ ወረቀቱን ለእኔ አቀበለኝ።

«ተርጉሚልኝ፣ ያላ፣ ቶሎ በይ።»

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «የት፦ ሙዲር ቢሮ። ምን ሆነ፦ የሱፍ ቅርፊት ከጠረጴዛ ሥር ተጥሏል። የጣለው ሙዲር ነው። ምን ተደረገ፦ ስድስት ዓመት ተጠረገ፤ ሰውዬው አልተወም። ከአምስት፦ አንድ።»

ያስተማርኩት ቁርጥ ይኸው ነው። ነገር ግን የመሐሙድን ፊት አየሁ፣ የፋንታዬን ኢቃማም አሰብኩ።

«ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ?» አልኩት በዐረብኛ። «ባለቤትዎስ?»

ባለቤት ስል ደነገጠ።

«ቢሮዎን… ትንሽ አሞታል። አሁን ግን ይሻለዋል።»

ፋንታዬ ወረቀቱን ከእጄ መነተፈችው። «ኸላስ፣ እየሩስ! ሦስት ቀን ያደነቆርሽን ለዚህ ነው?» ብላ በራሷ ዐረብኛ መስመር በመስመር ነገረችው። የት የሚለው ጋ ስትደርስ በጣቷ አሳየችው።

መሐሙድ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየ። እዚያው ብዙ ቆየ። ሲወጣ ጆሮው ቀልቷል።

«አንድ ከስንት?»

«ከአምስት» አለች።

«ስለ ቧንቧውም እንዲህ ብትጽፊ ኖሮ የሐኪሙ ጫማ ባልጠፋ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እሷ አልፋለች። አንቺ ወድቀሻል። የሚቀጥለውን ሥልጠና እሷ ትሰጣለች፤ አንቺ ከፊት ትቀመጫለሽ።»

ከሰዓት በኋላ የጋራ ስልክ መልእክታችን ላይ ከፋንታዬ ይህ መጣ፦ «የት፦ ሙዲር ቢሮ። ምን ሆነ፦ ኢቃማዬ ታደሰ። ምን ተደረገ፦ አለቀስኩ። ከአምስት፦ አምስት።»

እኔም ሳሙናው መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በፎርሙ ልመልስላት ብሞክር ደስታዬ አራቱ መስመር ውስጥ አልገባ አለኝ። ስለዚህ ጀመርኩ፦ «ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ፋንታዬ። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር…»

መልእክቱ ገና ሲደርሳት «ወድቀሻል!» ብላ ከግድግዳው ማዶ ጮኸች።