ሠላሳ ሰው በሰላም ይተኛል

ወጋየሁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሥነ ልቦና መግቢያ የተማረ ሰሞን ሰውን ሁሉ በዓይኑ መመርመር ጀመረ። መካኒሳ አቦ ቆሞ አውቶቡስ ሲጠብቅ እንኳ ሰልፈኛውን ቁጡ፣ ዓይናፋር እያለ ይከፋፍል ነበር። መምህሩ አቶ ሙሉሰው «ከየሰፈራችሁ ሠላሳ ሰው ስለ እንቅልፉ ጠይቁ» ሲሉ ጨዋታ መሰለው።

አጀማመሩስ ደንበኛ ነበር። ቀበሌው ውጤቱን አምጥቶ እንዲያሳይ አስጠንቅቆ ፈቃድ ሰጠው። እሱም እንደተማረው፣ ለማንም ሳያዳላ፣ የቤት ቁጥሮችን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከጣሳ ውስጥ ሠላሳ ዕጣ አወጣ። አንዱ ዕጣ ለጎረቤቱ ለእማማ ገዲሴ ደረሰ። «ቅዳሜ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ» አላቸው።

በዚያ በ1972 ዓ.ም. ግን ወረቀት ይዞ በር ለበር የሚዞር ሰው ምን ተብሎ እንደሚታይ ምሁራችን አልታሰበውም። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ባሌ የለም አለች፤ ባልየው ጓዳ ሆኖ ሲያስል ይሰማል። ሁለተኛው በሩን ሳይከፍት «ከስብሰባ ቀርቼ አላውቅም» አለ። ሦስተኛው ቤት ሲደርስ መጋረጃው ተጎተተ። ወጋየሁ በሀፍረት ጆሮው ጋለ። ቤቱ ገባና ሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ሰብስቦ ሠላሳውንም መጠይቅ ራሱ ሞላው። «ሌሊት በሰላም ይተኛሉ?» ለሚለው ሠላሳውም «አዎ» አሉ። ለእማማ ገዲሴ እንዲያውም ስምንት ሰዓት እንቅልፍ ቸራቸው። ልጃቸው በንቲ ከሁለት ዓመት በፊት ከቤት ተወስዶ እንዳልተመለሰ ያውቃል። እያወቀ ጻፈው።

አቶ ሙሉሰው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። «ደህና ሰፈር ነው ያለህ» ብለው ጥሩ ማርክ ሰጡት። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ደስታውን አልቻለውም፤ እሑድ በውይይት ክበቡ ሕዝብ ፊት ውጤቱን እንዲያነብ አዘዘው።

ወጋየሁ መድረክ ላይ ወጣ። አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ «እኔን መቼ ጠየቅኸኝ?» ቢል አለቀለት። «ከሠላሳ ሰው ሠላሳው በሰላም ይተኛል» ብሎ አነበበ። ማንም አልተነሣም። በሩን ሳይከፍት ያባረረው ሰውዬ ሳይቀር አጨበጨበ። ያን ጊዜ ወጋየሁ የሚገባበት ጉድጓድ አጣ።

ሲወጣ እማማ ገዲሴ ጠብቀው እጁን ያዙትና አብረው ወደ ሰፈር ሄዱ።

«ተባረክ ልጄ» አሉት። «የዚያን ቅዳሜ ቀሚሴን ቀይሬ ስጠብቅህ ዋልኩ። አዎ፣ ደህና እተኛለሁ ማለት ብለማመድ ብለማመድ ከአፌ አልወጣ አለኝ። እንኳን ቀረህ። መባል ያለበትን አንተው ጻፍክልን።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ።»

«ለምኑ?»

ደጃቸው ደረሱ። የግቢው በር መወርወሪያው ተነቅሏል። ዓይኑ እዚያ ላይ ማረፉን አዩና «በንቲ ሲመጣ ቆሞ እንዳያንኳኳ ብዬ ነው» አሉ። ግራ ቀኙን ቃኙ። «አሁን ሰው የለም። እስቲ ጠይቀኝ፤ አትጻፈው እንጂ።»

ወጋየሁ ጥያቄውን በቃሉ ያውቀዋል፤ ራሱ ነው ያወጣው። ቀና ብሎ ሊያያቸው ግን አልቻለም። እማማ ገዲሴም እንደ ቅዳሜው ቆመው ጠበቁት።