የቆቅ መጮኺያው ድንጋይ

ይርዳው ከእስቴ ተነቅሎ ወገዳ አጠገብ ከሰፈረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ርስት የሌለው መጤ ነበርና ከሚስቱ ከአስካለ ጋር ጎጆ የቀለሰው በአያሌው መሬት ላይ፣ በአያሌው በጎ ፈቃድ ነው፤ በጎ ፈቃድ ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ ነገር መሆኑን አያሌው አንድም ቀን አላስረሳውም።

አገሬው «አባ ቆቅ» ይለዋል። ከአፋፉ ሥር ያሉትን ቆቆች እንደ ጎረቤት ያውቃቸዋል። አውራው ገና ወፍ ሲንጫጫ ከአንድ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ይጮኻል፤ ቋጥኙንም በሕይወቱ ሳለ አይለውጥም፤ እሱ ሲሞት ሌላው ይወርሰዋል። ሲደነግጥ በእግሩ ሽቅብ ይሮጣል እንጂ ቁልቁል ለመውረድ ካልሆነ ክንፉን አይዘረጋም። ሰው ሃያ እርምጃ ሲቀርበው ዝም ይላል። ይህን ሁሉ ለሚጠይቀው ሁሉ ያስተምር ነበር፤ ለባሏ የሞተባት ለየሺም ጭምር።

በዶሮ አስታቅፎ ያስፈለፈለው፣ በሸንበቆ ቅርጫት ያሳደገው የራሱ አውራ ነበረው። የእሱን ጩኸት ሰምቶ ለጠብ የሚመጣ የዱር አውራ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። የዱሮቹ ጩኸት ዝቅ እያለ ሲያልቅ፣ አባት ያላስተማረው የዚህኛው ግን መካከሉ ላይ ቁርጥ ይላል።

በጥቅምት ማለቂያ አያሌው ቅርጫቱን ተዋሰው። «ለሚካኤል ዝክር ሁለት ሦስት ቆቅ ልያዝበት» አለ። ይርዳው ሰጠው። እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን አያሌው ከሟች ታናሽ ወንድሙ ሚስት ከየሺ ጋር በገብስ ማሳ ይሟገት ነበር። የአያታቸው ኑዛዜ «ከቆቅ መጮኺያው ድንጋይ በላይ ለታላቁ፣ በታች ለታናሹ» ይላል። ድንጋዮቹ ግን ሁለት ናቸው፤ የሺ የምታርሰው ማሳ በሁለቱ መካከል ነው። ቆቁ ከላይኛው ከጮኸ ማሳው የሷ ነው፤ ከታችኛው ከጮኸ የአያሌው።

ዳኛው ግራዝማች ደምሌ «ሽማግሌ ይሳሳታል፤ ወፍ አይሳሳትም። ሄደን እንሰማለን» ብለው ወሰኑ። የሺ ምስክር ቁጠሪ ስትባል ሳታመነታ ይርዳውን ቆጠረች። አያሌው አልተቃወመም።

ሚካኤል ካለፈ በኋላ፣ በቀጠሮው ቀን ጎሕ ሲቀድ ከማሳው ጥግ ቆሙ። ላይኛው ድንጋይ ዝም አለ። ይርዳው ጠበቀ፤ ድንጋዩ አሁንም ዝም አለ። ወዲያው ከታችኛው ድንጋይ ሥር፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ፣ አንድ ጩኸት ተነሣና መካከሉ ላይ ቁርጥ አለ።

ይርዳው የገዛ አውራውን ድምፅ ለየ። የላይኛው ድንጋይ አውራ ለዝክሩ ወጥ ሆኖ እንደተበላ ያን ጊዜ ገባው።

«ጅግራ ይሆን እንዴ፣ አባ ቆቅ?» አለ አያሌው እየሳቀ። «መቼም አዋቂው አንተ ነህ።»

ወደ ድምፁ ተጠጉ። ሃያ እርምጃ፣ አሥራ አምስት፣ አሥር። ወፉ ሰው እንደለመደ ሁሉ ጩኸቱን ጨመረ።

«ይበቃል» አሉ ግራዝማች። «ንጉሥ ይሙት በልና መስክር። ይህ ቆቅ ነው ወይስ ሌላ?»

ይርዳው ቀና ሲል ከጎጆው የሚወጣውን ጢስ አየ። አስካለ እሳት አቀጣጥላለች።

«ንጉሥ ይሙት፤ ቆቅ ነው።»

«አውራ?»

«አውራ ነው።»

«የሚጮኸው ከየትኛው ድንጋይ ነው?»

«ከታችኛው ነው፣ ግራዝማች።»

ከቃሉ አንዲት ሐሰት አልነበረባትም። ይህን ሲያውቅ አፉ መረረው።

«እኔ ስምንት ዓመት ከላይኛው ሲጮኽ ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ» አለች የሺ።

«ራስሽ የቆጠርሽው ምስክር ነው፣ ልጄ። በቆጠሩት ምስክር ከተረቱ ወዲያ ይግባኝ የለም፤ እሱ ራሱ ቃሉን ካላነሣ በቀር።»

የሺ ወደ ይርዳው ዞረች፤ አልተቆጣችም። ለሷ ያዘነላት መስሏት፣ እንደሚያጽናኑት ሰው አየችው። እሱም ከቁጣ ይልቅ ይህ ከበደው።

ቀትር ላይ አያሌው ቅርጫቱን መለሰ። «ነገረ ፈጅ ብቀጥር እንዲህ አድርጎ አይናገርልኝም ነበር» አለው።

ይርዳው ቅርጫቱን እስከ አፋፉ ወስዶ ከፈተው። ወፉ ወጣ፣ ገደሉን አየ፣ ከዚያ እየተንጎራደደ ተከትሎት ወደ ቤት ተመለሰ። አንዴ ሊያርደው ካራ አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አውራው ከጎጆው ክዳን ላይ ወጥቶ ጮኸ፤ መካከሉ ላይም ቁርጥ አለ። የሺ ገንቦዋን አዝላ ወደ ምንጩ ስትወርድ ነበር። ቆመች። ከመንገዱ ወጥታ ወደ ጎጆው መጣች፤ ሃያ እርምጃ፣ አሥር፣ አምስት፤ ወፉ አሁንም ይጮኻል።

«ሰው ሲቀርበው ዝም ይላል ያልኸኝ አንተ ነበርህ» አለችው።

ይርዳው ከደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር።

«ግራዝማች ዘንድ ሄደህ ቃልህን ታነሣልኛለህ?»

ከውስጥ አስካለ እሳት መቆስቆሷን አቆመች። ከክዳኑ ላይ አውራው መጮኹን ቀጠለ፤ ዝም ያለው ይርዳው ነበር።