ጉማሬው የተኛበት መንገድ

ጋሽ ዜብራ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አስፋልት ላይ የእግረኛ መሻገሪያ መስመር ሲቀቡ ኖረዋል። ሰፈርተኛው እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ረስቶ ዜብራ ያላቸውም በዚሁ ነው። መስመራቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ሦስት ዓመት ዝናብና ፀሐይ ቢፈራረቁበት ንቅንቅ አይልም። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። መኪና አያስቆምም።

በተለይ ያ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው! እሳቸው በየዓመቱ ያድሱታል፣ ሹፌሩ በየቀኑ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይበርበታል። ባለፈው ወር ጭራሽ አንዱ ጥድፊያ ያሳበደው ሹፌር የልጅ ልጃቸውን የሚጡን ቦርሳ በጎን መስታወቱ መንጭቆ ይዞት ሄደ። ቦርሳው ተገኘ፤ የሰባት ዓመቷ ሚጡ ግን ከዚያ ወዲያ ብቻዬን አልሻገርም አለች። ከአያቷ ጋር እንኳ የምትሻገረው እጃቸውን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው። አንድ ጠዋት ታዲያ መንገዱ ዳር ቆማ ነጩን መስመር አየት አደረገችና፣

"አባባ፣ መስመርህ እኮ አይሠራም" አለቻቸው።

ክፋት የላትም። ቧንቧው አይሠራም እንደሚባለው ነው ያለችው። ጋሽ ዜብራ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላላቸውም።

አንዲት የሥዕል አስተማሪ ወደ ሰፈሩ የመጣችው በዚሁ ሰሞን ነበር። ፀጉሯ ላይ ሁለት ብሩሽ ሰክታ ሦስተኛውን ስትፈልግ የምትውል፣ ችኩልና ሳቂታ ሴት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ ትሰበስብና ወለሉ ላይ ረጅም ወረቀት ትዘረጋለች። አንድ ቀን "በሉ፣ መኪና የሌለባት ከተማ ሳሉልኝ!" ስትላቸው ምድር ቀውጢ ሆነች። አንዱ ፎቅ አናት ላይ ጫካ ተከለ። አንዷ የአውቶቡስ ማቆሚያውን የዶሮ ቤት አደረገችው። ሁለት ወንድማማቾች ከየቤቱ መስኮት እስከ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሸርተቴ ዘረጉ፤ "ወደ ቤትስ በምን ትመለሳላችሁ?" ሲባሉ "ማን ይመለሳል?" አሉ።

ሚጡ ደግሞ አስፋልቱን እንዳለ ወንዝ አደረገችው። ወንዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጉማሬ አስተኛች፤ ልጆችን የሚያሻግር ጉማሬ ነው። ቀለሙ ቢጫ ነበር።

"ጉማሬ ቢጫ ነው እንዴ?" አለ አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ።

"ካልታየ ጀልባ ይገጨዋላ!" አለችው። የመንገድ ቀቢ የልጅ ልጅ አይደለች!

ሊወስዷት የመጡት ጋሽ ዜብራ በሩን ተደግፈው ይስቁ ነበር። "እሺ፣ እኔስ? መኪና ከሌለ የእኔ መስመር ለማን ይሆናል?" ብለው ጠየቋት፤ ቀልድ አስመስለው እንጂ ከልባቸው ነበር።

ሚጡ ሥዕሉን አየች፣ እሳቸውን አየች። "ለጉማሬው ጥርስ ይሆናል" አለች፤ ወዲያውም የተከፈተ አፍ ሥላ ዜብራውን እዚያው ደረደረችው።

ጋሽ ዜብራ የሚሠሩበት የማዘጋጃ ቤት አለቃ አስተማሪዋ ያሳየችውን ሥዕሎች አይቶ ለአንድ እሑድ መንገዱን ሊዘጋላቸው ፈቀደ። ልጆቹ ከተማቸውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ በውሃ ቀለም ይሥሉ ተባለ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የውሃ ቦቴ መጥቶ ያጥበዋል። ጋሽ ዜብራም እንዲያግዙ ታዘዙ። አለቃው ጣቱን ቀስሮ፣ "ሰኞ ጠዋት አንዲት ነጥብ ባይ የምጠይቀው እርስዎን ነው" አላቸው። አለቃው በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል፤ እሳቸውም "እሺ ጌታዬ" ብለው ዝም አሉ።

እሑድ ግን ማን ዝም ይላል! ጋሽ ዜብራ በሲባጎና በጠመኔ ሥዕሎቹን አስፋልቱ ላይ አስፍተው ነደፉላቸው፤ ልጆቹ እንደ ጉንዳን ወረዱበት። ሸርተቴው ወረደ፣ ጫካው በቀለ፣ ዶሮዎቹ የትምህርት ቤቱን በር ካላለፍን አሉ። አንዱ ልጅ ብሩሽ ሰልችቶት በሆዱ እየተሳበ መቀባት ጀመረ። አስተማሪዋ ልትቆጣ ሄዳ ሳቅ አፍኗት ተመለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀለሙ አለቀ። አረንጓዴውን ጫካው በላው፣ ሰማያዊውን ሸርተቴው ጨረሰው፣ ቢጫው ዶሮዎቹ ላይ ቀረ። ወንዙና ጉማሬው ባዶ የጠመኔ መስመር ሆነው ቀሩ። አስተማሪዋ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ሚጡ አላለቀሰችም፤ ባዶው የጠመኔ መስመር አጠገብ ቁጭ አለች።

"ጉማሬዬ ሳይመጣ ሊታጠብ ነው" አለች።

ጋሽ ዜብራ አንጀታቸው አልቻለም። "መጣሁ!" ብለው ሁለት መንገድ አልፎ ወዳለው መጋዘናቸው ገሠገሡና ጋሪ እየገፉ ተመለሱ። ጋሪው ላይ የመኪና ማቆሚያ የሚቀቡበት ሰማያዊ አለ፣ የመንገድ ጠርዝ የሚቀቡበት ቢጫ አለ፣ ነጭ አለ። ሮለሩን ነክረው ገቡበት። ወንዙ ፈሰሰ፤ ጉማሬው ወፈረ፤ ልጆቹ "ሆዱ! ሆዱ!" እያሉ ይጨፍራሉ፤ እሳቸው ያፏጫሉ። ቀለሙ ሳይደርቅም ሃያ ስድስት ዓመት እንደለመዱት ብርሃን ሲያርፍበት እንዲያብለጨልጭ ከኪሳቸው የመስታወት ብናኝ እየዘገኑ ነሰነሱበት። ጥርሶቹን ደግሞ በነባሩ ዜብራ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ ቀቧቸው። እንዲህ ደስ ብሏቸው ሠርተው አያውቁም።

"ጋሽ ዜብራ፣ ይሄ ቀለም እንዴት ያምራል!" አለች አስተማሪዋ። "እስከ መቼ ይቆያል?"

"ሦስት ዓመት!" አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ከዚያ ያሉትን ራሳቸው ሰሙት። ሮለሩ ከእጃቸው ወደቀ።

ቦቴው በሰዓቱ መጣ። ውሃው ሲለቀቅ ጫካው አረንጓዴ ጎርፍ ሆኖ ወደ ቦይ ወረደ፤ ዶሮዎቹም ተከተሉ፤ ልጆቹ እየጮኹና እየዘለሉ ከተማቸውን እስከ ቦዩ ሸኙት። ጉማሬው ግን ወይ ፍንክች! ባለቦቴው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሞከረ። "ጥርሱን አጥቤለት ሄድኩ እንጂ ሌላ አልሠራሁም" ብሎ ቱቦውን ጠቀለለ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ዜብራ በአንድ እጃቸው መፋቂያ፣ በሌላው ሚጡን ይዘው መጡ። ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነው። አስፋልቱ ላይ ቢጫው ጉማሬ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ጥርሱ ይብለጨለጫል። መፋቂያቸውን ገና ሳያሳርፉበት ከመንገዱ ጫፍ አንዲት ቀይ መኪና እንደ ወትሮዋ እየበረረች መጣች። ሚጡ እጃቸውን ጨምድዳ ዓይኗን ጨፈነች።

ፍሬኑ ሲጢጥ አለ። መኪናዋ ወንዙ ዳር ቆመች።

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ጉማሬ ነው" አለች ሚጡ፣ አንድ ዓይኗን ገልጣ።

"ልለፍበት?"

"ተኝቷል እኮ!"

ሹፌሩ አሰበ፣ አሰበና ሞተሩን አጠፋ። ከኋላው ሚኒባስ ቆመ፤ ከሚኒባሱ ኋላ የአሸዋ መኪና ቆመ። ሊሳደብ የወረደ ሁሉ ጉማሬውን ሲያይ ሳቁ ያመልጠዋል። የአሸዋው መኪና ሹፌር፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ "ጥርሱ ወርቅ ቢሆን ኖሮ!" እያለ ሆዱን ይዞ ይንፈቀፈቃል።

ሚጡ ሁለተኛ ዓይኗንም ገለጠች። አንድ እጇን ለቀቀች። ሁለተኛውንም ለቀቀች። የመጀመሪያው ጥርስ ላይ ወጣች፣ "አንድ" አለች፤ ሁለተኛው ላይ ዘለለች። ጋሽ ዜብራ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን ጥርሶቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች ማዶ ደረሰች።

አራተኛው መኪና የአለቃው ነበር። በሩን በርግዶ፣ ፊቱ ደም መስሎ መጣ። "ጋሽዬ! ይሄ ነገር መቼ ነው የሚለቀው?"

እሳቸው መፋቂያቸውን ከጀርባቸው ደበቁ። ከማዶ ግን ሚጡ "ሦስት ዓመት!" ብላ ጮኸች።

አለቃው የተሰለፉትን መኪኖች አየ። ሌሎቹ ተማሪዎች ከማንም ሳይጋፉ፣ ጥርስ ለጥርስ እየዘለሉ ሲሻገሩ አየ። የሚቆጣ ሰው ለመምሰል ትንሽ ሞከረና አልሆነለትም፤ አፉን በመዳፉ ሸፈነ። "ሦስት ዓመት ሲሞላ" አለ በመጨረሻ፣ "አድሱት።" ተመልሶም መኪናው ውስጥ ገብቶ ተራውን ጠበቀ።

ጋሽ ዜብራ መፋቂያቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሃያ ስድስት ዓመት! እንባቸው ዓይናቸውን ሞላው፤ ሰው እንዳያይባቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሚጡ ማዶ ሆና ጠበቀቻቸው፣ ጠበቀቻቸው፣ አልመጡም። ይሄኔ ብቻዋን ተመልሳ ተሻገረችና እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

"አይዞህ አባባ፣ ዓይንህን ግለጥ" አለቻቸው። "ቆመዋል።"