የወልደዮሐንስ ቅዳሜዎች

ባሌ ውሽማ እንዳለው ያወቅሁት በቆጮ ነው።

ወልደዮሐንስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ እዚሁ ዲላ ውስጥ ልጆች ቴኳንዶ ያሠለጥናል። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ እግሩ ከራሱ በላይ ይወጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሥልጠናው እንዳለቀ ደጋው ላይ ወዳለችው ቡሌ የሚወጣ መኪና ተሳፍሮ ይጠፋል። ሞባይሉ አይሠራም። ማታ ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ ጃኬቱ ጭስ ጭስ እየሸተተ ይመጣል። "የት ዋልክ?" ስለው፣ "ልምምድ" ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዞልኝ መጣ። የገበያውን አውቀዋለሁ። ይሄ ግን ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ የባለሙያ ሴት እጅ ያረፈበት ነው። ጣፈጠኝ፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያበላሁትን ሰው ሌላ ሴት እያበላችው፣ ትራፊው ለእኔ ይላክልኝ? ሱቄ ውስጥ ጨው ሲሉኝ ስኳር መስፈር ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ በሌላ መኪና ተከተልኩት። ቡሌ ወርጄ "የቴኳንዶው ሰውዬ" ብዬ ስጠይቅ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ዳገቱን በብርድ ስወጣ ለሴትዮዋ የማወርደውን ስድብ አንድ በአንድ አሰናዳሁ።

ስደርስ ጥርሳቸው የረገፈ አሮጊት ደጃፋቸው ላይ ቆጮ ይጠቀልላሉ። ወልዴ ሱሪውን ሰብስቦ ጉድጓድ ይቆፍራል። ከኋላው እንሰት ብቻ ነው፣ ሰልፍ የያዘ እንሰት።

ሲያየኝ አልደነገጠም፤ እንዲያውም ፊቱ በራ።

"የትምዬ! ሲያምር ላሳይሽ ብዬ ነበር እኮ። መሬቱን ከእኚህ እማማ ባል በኮንትራት ይዤው ነው። ጡረታም እንደ ቴኳንዶ ነው፤ ሳያሰልሱ ከሠሩለት እንጂ በመጨረሻው ቀን ሮጠው አይደርሱበትም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ አላጎደልኩም፤ በየቅዳሜው አራት እግር እንሰት። ጡረታ ስወጣ ይደርሳል።"

እፎይ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሴት ብትሆን ጸጉሯን እነጭ ነበር፤ እንሰትን ምን ያደርጉታል? እሱ የልቡን ለችግኝ ሲያወራ፣ እኔ ሁለት ዓመት ጀርባውን እያየሁ ተኛሁ። በቅጠል ቀናሁ፤ ምን ይደረግ!

አሮጊቷ ተነሥተው እጄን ያዙና ገለባበጡት።

"አንቺ ነው ሚስቱ? እጅሽ ለስላሳ ነው" አሉኝ በሰባራ አማርኛ። "እንሰት ወንድ ይተክላል፣ ቆጮ እንዲሆን ሴት ይፍቃል። አሁን ጀምረሽ ተማሪ።"

ወደ ወልዴ ዞርኩ። "ስንት እግር ነው?"

"አራት መቶ" አለ በኩራት።

"ማነው የሚፍቀው?"

ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን መቆፈሩን ቀጠለ። ሁሉን ያቀደ ሰው ይቺን አላሰባትም። ወይም አስቧታል።

ምነው ውሽማ በኖረችው ብዬ ያኔ ከልቤ ተመኘሁ። ቢያንስ ሁለት መቶ ሁለት መቶ እንካፈል ነበር።